ከራስ ተፈሪ ኪስ እስከ ስኩል ግራንት

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ያሠሩት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ነበሩ፤ ወጪውም ከግል ሀብታቸው ነበር። ኃላፊነቱን ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሰጡ። በምረቃው ዕለት የተሰበሰቡት መኳንንትና መሳፍንት ግን ግብር በልተው፣ አጨብጭበው ብቻ እንዲመለሱ አልተጠሩም። አልጋ ወራሹ ባደረጉት ንግግር እያንዳንዱ ባለጸጋ በየበኩሉ ትምህርት ቤት እንዲያሠራ፣ አቅም ያለው አቅም ለሌለው ልጅ እንዲደርስ አሳሰቡ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። በዚያ ቀን የተነገረው ሐሳብ ግን የመንግሥትን የትምህርት ገንዘብ እስከ ዛሬ ተከትሎት ይኖራል፤ ከላይ የሚመጣው ገንዘብ መነሻ ነው፣ የቀረውን ሕዝቡ ይሞላዋል የሚለው ሐሳብ።

ከዚያ በፊት አንድ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበረ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን የፈረንሳይኛና የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚያስተምሩበት፣ በቤተ መንግሥቱ ወጪ የሚተዳደር ቤት ነበር። ያኔ የትምህርት በጀት የሚባል ነገር አልነበረም። የአገሩ ልጅ በብዛት የሚማረው በየደብሩ ሲሆን፣ የቆሎ ተማሪው ራሱን የሚያኖረው ቁራሽ ለምኖ፣ መምህሩ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መሬት በሚያገኘው ነበር። ትምህርትን በግብር ማቆም ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር ነበር።

እንግዳው ነገር የመጣው ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መከፈት ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1918 ዓ.ም. አካባቢ በውጭ ንግድ ዕቃ ላይ 6 በመቶ ልዩ የትምህርት ቀረጥ ተጣለ። ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ በተላከ፣ አቡጀዲ በባቡር ወደ አገር በገባ ቁጥር ጥቂቱ ለትምህርት ይቆረጥ ጀመር። የትምህርት ሚኒስቴር በ1920ዎቹ መግቢያ ተቋቋመ። እቴጌ መነን ደግሞ በስድስት ኪሎ አካባቢ በራሳቸው ስም የሚጠራውን፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለውን የሴቶች ትምህርት ቤት አስከፈቱ። ይህ ሁሉ በጣት የሚቆጠር ልጅ ነበር የሚያስተምረው፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ፣ ትምህርት ቤቶቹም ተበተኑ።

ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ፣ የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለዓመታት በራሳቸው እጅ ያዙ። በ1935 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ ከነበረችው ኮተቤ፣ ከየካ ተራራ ሥር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ልጆቹ እዚያው እየበሉ እዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር፤ ወጪያቸውን የሚሸፍነውም መንግሥት ነበር። በ1962 ዓ.ም. ወደዚያ አካባቢ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተዛወረ፤ ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ያ ነው። ከኮተቤ ብዙም ሳይርቅ ያለው የመሪ ሜዳ ያን ጊዜ የእርሻ ማሳ ነበር።

የገበሬው ልጅ ኮተቤ ገብቶ የመማር ዕድሉ እጅግ ጠባብ ቢሆንም ክፍያው ግን ደረሰው። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። የአዋጁ ሐሳብ በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር፤ ከአንድ ጠቅላይ ግዛት የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው ጠቅላይ ግዛት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ይውል ዘንድ፣ አጠቃቀሙንም የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ይከታተለው ዘንድ። በተግባር ግን ትምህርት ቤቱ የተሠራው በከተማ ነው። ግብሩን የከፈለው ባላገር፣ ልጁ ወደ ክፍል ለመድረስ የቀን መንገድ መጓዝ ወይም ከተማ ዘመድ ዘንድ መጠጋት ነበረበት። ገንዘቡ ከማን ተሰብስቦ ለማን ዋለ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ውስጥ በዋናነት የተነሣው ከዚህ ግብር ጋር ነው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣው የስዊድን እርዳታ ሌላ መንገድ ሞከረ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ሥራ ድርጅት የተባለው፣ የስዊድን መንግሥት በገንዘብና በባለሙያ የደገፈው ተቋም፣ ትምህርት ቤት ለፈለገ አካባቢ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ ሕዝቡ የወጪውን ግማሽ ያህል በገንዘብ፣ በድንጋይ፣ በአሸዋና በጉልበት ካዋጣ፣ ቀሪውን ድርጅቱ ይችላል። ዕቅዱ አንድ ዓይነት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሰፊ ነበር። በብዙ የገጠር ከተሞች ያሉ አሮጌ ክፍሎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ድጎማው እንደ እርሾ ነበር የታሰበው፤ ትንሽ ተጨምሮ ብዙውን ሊጥ ያነሣ ዘንድ። ችግሩ ሊጥ የሌለው ነው። ግማሹን ማዋጣት ያልቻለ ድሃ አካባቢ ግማሹንም ሳያገኝ ቀረ።

የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መምህራን ሥራ አቆሙ። ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ ሴክተር ሪቪው ይባል የነበረው የትምህርት ጥናት ነበር። ጥናቱ ትምህርትን ለብዙኃኑ በርካሽ ለማዳረስ አስቦ ነበር፤ መምህሩ ግን ደመወዙንና ማዕረጉን የሚነካ፣ ወላጁም የልጁን የሁለተኛ ደረጃ በር የሚዘጋ አድርጎ አየው። የገንዘብ ክፍፍል ጥያቄ አደባባይ ወጥቶ፣ ከታክሲ ነጂዎችና ከወታደሮች ጥያቄ ጋር ተቀላቅሎ፣ መንግሥቱን ካናወጡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ደርግ በ1968 ዓ.ም. የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ፤ በአዋጅ ቁጥር 103ም ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የትምህርት ቤት ኮሚቴ የሚባል ተቋቋመ፤ ወላጆች፣ መምህራንና የቀበሌ ተወካዮች የሚቀመጡበት። ኮሚቴው ያዋጣል፣ ያስጠግናል፣ ክፍል ያሠራል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን በታች ተነሥቶ በ1980ዎቹ መግቢያ ከ2.5 ሚሊዮን አለፈ። ክፍሉ ግን በዚያ ልክ ስላላደገ ፈረቃ የሚባለው ነገር የከተማ ልጅ ኑሮ ሆነ፤ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ እንዲሆን ወሰነ። ነፃ ማለት ግን ለመንግሥት ነፃ ማለት አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. የወጣውና በሽፋኑ ቀለም ሰማያዊው መጽሐፍ ተብሎ የታወቀው መመሪያ፣ ከደመወዝ ውጭ ለሆነ ሥራ ማስኬጃ በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይመደብ አለ። በዚያው ጊዜ በትልልቆቹ አራት ክልሎች የበጀት ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ። ወረዳው በጥቅል በሚሰጠው ገንዘብ ሐኪሙንም፣ የግብርና ባለሙያውንም፣ መምህሩንም ይከፍላል። የመምህር ደመወዝ የማይቀር ስለሆነ አስቀድሞ ይነሣል። ደመወዝ ሲከፈል ደግሞ ካዝናው ባዶ ይሆናል። ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለተሰበረ ዴስክ የሚተርፍ አልነበረም።

የፈተና ወረቀት ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ጥያቄ የሚያባዙበት ወረቀትና ቀለም ስላልነበራቸው መምህሩ ጥያቄውን በጥቁር ሰሌዳ ይጽፋል፤ ኋላ የተቀመጠው ልጅ አንገቱን ያሰግጋል። ወይም ተማሪው ለወረቀት ብሎ ሳንቲም ያዋጣል። ትምህርት በነፃ በሆነበት አገር ቤተሰብ የፈተና ይከፍል ነበር ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራምን አጸደቀ። በትምህርት ቢሮዎች ዘንድ ጂኪፕ በሚል አጭር ስሙ ይታወቃል። ከባንኩ ጋር እንግሊዝ፣ ፊንላንድ፣ ጣሊያንና ኔዘርላንድስ ገንዘብ አዋጥተውበታል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ400 ሚሊዮን ዶላር፣ ሁለተኛው ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የጸደቀው ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ፍትሐዊነትን በስሙ የጨመረው፣ ከባንኩ ብቻ 300 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። መጻሕፍት ታተሙበት፣ መምህራን ሠለጠኑበት። ወላጅና ርዕሰ መምህር በየዓመቱ የሚያነሡት ግን ከፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱን ነው፦ ስኩል ግራንት፣ ማለትም በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የሚላከውን ድጎማ።

ድጎማው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ በነፍስ ወከፍ 50 ብር አካባቢ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር። ገንዘቡ እንዲሁ አይወጣም። ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ የሦስት ዓመት የማሻሻያ ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ዕቅዱ በአራት ርዕሶች ይከፈላል፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ትልቁ ድርሻ ለመማር ማስተማር እንዲሆን መመሪያው ያዛል። ዕቅዱን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ የሚሉት፣ አይቶ ያጸድቃል።

አንድ ካርቶን ጠመኔ ክፍል እስኪደርስ ያለው መንገድ እንዲህ ነው። ግዢው በዕቅዱ መያዙ ይታያል። ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴው አወዳድሮ ዝቅተኛውን ይመርጣል። ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ያደርገዋል። መምህሩ ሲፈልግ በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ይረከባል። በየአንዳንዱ ወረቀት ላይ ፊርማ አለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ካርቶን ጠመኔ ይበዛል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ጠመኔውን ሳይሆን ወረቀቱን ስለሆነ፣ ከጠመኔው ይልቅ ለወረቀቱ የሚጨነቅ ርዕሰ መምህር ብዙ ነው።

ገንዘቡ በእርግጥ ሥራ ሠርቷል። ፈተና መባዛት ጀመረ። የተሰባበረ ዴስክ ተጠገነ፤ ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ቤት ተሠራ፤ ማጣቀሻ መጽሐፍ፣ ኳስ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ ተገዛ። ከመጠኑ ይልቅ የአመጣጡ ጊዜ ነው ያስቸገረው። ትምህርት በመስከረም ይጀመራል፤ ገንዘቡ ግን ሪፖርት ተጠናቅሮ፣ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ፋይናንስ ወርዶ፣ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚደረገው ግዢ የችኮላ ይሆናል። በችኮላ የሚገዛ ደግሞ ቶሎ የሚገኘው እንጂ የሚያስፈልገው አይደለም።

ዋጋም አለ። በ2001 ዓ.ም. 50 ብር አራት ዶላር አልፎ ነበር። በጥቅምት 2010 ብር ከዶላር አንጻር 15 በመቶ ሲቀንስ ያው 50 ብር ከሁለት ዶላር በታች ወረደ። የወረቀት ዋጋ ግን የተማሪውን ድርሻ አልጠበቀም።

ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሶን የተባሉ ተመራማሪዎች የኡጋንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላከውን ድጎማ ተከታትለው፣ ከላይ ከወጣው ውስጥ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ እንደነበር አገኙ። ቀሪው በአውራጃ ባለሥልጣናት እጅ ሌላ ጉዳይ ላይ ውሎ ወይም ጠፍቶ ነበር። መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት፣ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በበራቸው ላይ መለጠፍ ከጀመሩ በኋላ ግን የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ወጣ። የኢትዮጵያም የስኩል ግራንት መመሪያ ትምህርት ቤቱ የተሰጠውንና ያወጣውን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፍ ይጠይቃል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ያኔ በሌላው ዓለም ለትምህርት ቤቶች የማነቃቂያ ገንዘብ የሚባል ነገር በስፋት ተሰማ። የአሜሪካ ምክር ቤት በሦስት ዙር ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች መደበ። የአሜሪካ የትምህርት ወረዳዎች ከመጨረሻው ዙር ከሚያገኙት ቢያንስ 20 በመቶውን ልጆች ያመለጣቸውን ትምህርት ለማካካስ እንዲያውሉ ግዴታ ነበረባቸው፤ የአየር ማጣሪያ የገዛም፣ ሕንፃ ያደሰም፣ ተጨማሪ ሠራተኛ የቀጠረም ነበር። የገንዘቡ ቀነ ገደብ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲያልቅ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ሠራተኞች ዕጣ አነጋጋሪ ሆነ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ የትምህርት አጋርነት ያገኘችው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሲካፈል አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ በአንድ ክፍል ከ25 የማይበልጥ ልጅ፣ በፈረቃ፣ በጭምብል እንዲማር ተወሰነ።

አዲስ አበባ ግን ከወረርሽኙ በፊት የራሷን ድጎማ ጀምራ ነበር። በ2011 ክረምት የከተማው አስተዳደር የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን አደሰ። በ2012 መስከረም ወደ 600 ሺህ ለሚጠጋ ተማሪ የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ አከፋፈለ፤ ቀድሞ በእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር ይካሄድ የነበረውን የተማሪዎች ምገባም ወደ ራሱ በጀት አስገብቶ ወደ 300 ሺህ ልጆች አሰፋው። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ከእጥፍ በላይ አድጓል። በማኅበር የተደራጁ እናቶች በትምህርት ቤቱ ግቢ ቁርስና ምሳ ያበስላሉ፤ ልጁ ይበላል፣ የሠፈሩ እናት ደመወዝ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተማዋ ለዚህ ሥራዋ የሚላን የከተሞች የምግብ ፖሊሲ ስምምነት ሽልማትን ወሰደች። እንደ እርሾ የታሰበውን የቀድሞ ድጎማ አሠራር የተወ እርምጃ ነው፤ ቤተሰብ አስቀድሞ ድርሻውን እንዲያዋጣ አልተጠየቀም።

የቀድሞው አሠራር ግን አልሞተም። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ለትውልድ የሚል ንቅናቄ ጀመረ። መነሻው ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች መሆናቸው ነው። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ገበሬውም፣ በውጭ የሚኖረው ወገንም በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት እንዲያዋጣ ተጠራ። በ1917 ለመኳንንቱ የቀረበው ጥሪ ነው፤ የተጠሪው ቁጥር በዛ እንጂ።

ዛሬ ከመገናኛ ተነሥቶ በሲኤምሲ በኩል ወደ መሪ፣ ከዚያም ወደ አያትና የካ አባዶ የሚሄድ ሰው በመሀል ከተማና በዳርቻ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ ያያል። ማሳው ኮንዶሚኒየምና ሪል እስቴት ሆኗል፤ ልጁ ከቤቱ ጋር መጥቷል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግን ከኋላ ነው የሚከተለው። በነፍስ ወከፍ የሚሰላው ድጎማ ለመሀል ከተማውም ለዳርቻውም እኩል ነው። የመሀል ከተማው አሮጌ ትምህርት ቤት ግን አጥሩን ተከትሎ የሚያከራያቸው ሱቆች ካሉት የውስጥ ገቢ የሚሉት አለው፤ በዚህ ገቢ ጥበቃ ይቀጥራል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይገዛል። አዲሱ የዳርቻ ትምህርት ቤት ደግሞ አጥሩን ገና ማጠር ይኖርበታል። ገጠር ያለው ባህር ዛፍ ሸጦ፣ የግቢውን ሣር አጭዶ ይደጉማል። እኩል ገንዘብ እኩል ላልሆኑ ቤቶች ሲሰጥ ልዩነቱ ባለበት ይቀጥላል፤ ይህን ያዩ ናቸው በፕሮግራሙ ሦስተኛ ምዕራፍ ስም ላይ ፍትሐዊነትን የጨመሩት።

ከመሬት ግብሩ እስከ ጂኪፕ ያለው ታሪክ ወደ አንድ ነገር ይመራል። የትምህርት ገንዘብ የበረከተው ብዙ በተመደበበት ዓመት ሳይሆን፣ መጠኑን ከፋዩ ባወቀበትና በጊዜው በደረሰበት ቦታ ነው። ባላገሩ የትምህርት ግብር ከፍሎ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚጠይቅበት መድረክ አልነበረውም። የዛሬ ወላጅ አለው። በየትምህርት ቤቱ ወተመህ አለ፤ የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ይጠራል፤ መመሪያውም ሒሳቡ ይለጠፍ ይላል። በመሪም ሆነ በሌላ ሠፈር ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ በዚህ ዓመት ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በተማሪ ቁጥር ስንት ብር ተላከ? በየትኛው ወር ደረሰ? ከዕቅዱ ውስጥ ምን ሳይገዛ ቀረ?